ትሉ፣ አቧራውና አስሙ

መኸሩ ተሰብስቦ የጤፉና የስንዴው ውቂያ ሲጀመር፣ ከጊንጪ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ግራና ቀኝ አውድማው በእብቅና በብናኝ ይሸፈናል። ማታ ደግሞ የእንጨትና የኩበት ጭስ ጎጆውን ይሞላዋል። ይህን የተመለከተ ሰው አስም የገበሬው በሽታ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። በአገራችን የተካሄደ ጥናት ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ከምዕራብ ሸዋ ውጭ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ቢሆንም፣ እንደ አምቦ፣ ሆለታና ጌዶ ባሉ ከገጠር ጋር ተጎራብተው በሚያድጉ ከተሞች ለምንኖር ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ የራሳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የወጣው ይኸው ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ፣ አስም በጠቅላላው አነስተኛ ሆኖ ሳለ፣ በአብዛኛው የዕድሜ ክልል በከተማ ከገጠር ይልቅ መብዛቱን አገኘ። ከዚህም በላይ በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ተባዮች ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች በገጠርም ነበሩ፤ ነገር ግን የቆዳው ቁጣና አስሙ ተያይዘው የተገኙት በከተማ ብቻ ነው። የገበሬው ሰውነት ተቆጥቶ ሳለ ሳንባው ለምን ዝም አለ?

መልሱን ለመፈለግ አለርጂ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል። ብናኙ መጀመሪያ ሲገባ ሰውነት የሚያደርገው ዝግጅት ብቻ ነው። ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርትና በአየር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ባሉት ማስት ሴሎች ላይ እንደ ወጥመድ ይተክለዋል። ያው ብናኝ ዳግም ሲመጣ ወጥመዱ ይፈናጠራል፤ ማስት ሴሎቹ ሂስታሚንና መሰል ኬሚካሎችን ይረጫሉ፤ የቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታው ይበዛል። ደረት ሲር ሲር የሚለው አየር በጠበበው መንገድ ሲያልፍ ነው። ከሰዓታት በኋላ ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ብግነቱን ያራዝሙታል። የሚደንቀው ነገር፣ ሰውነታችን ትልን የሚዋጋው በዚሁ በኢሚዩኖግሎቡሊን ኢና በኢዮሲኖፊል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ትል አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው በጅማ በወጣው ውጤት፣ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መንጠቆ ትል በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ፣ በሳንባ በኩል አልፎ፣ አንጀት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ይህን ያህል ለመቆየት የአስተናጋጁን የመከላከያ ሥርዓት ማብረድ ይኖርበታል፤ ኢንተርሉኪን 10ን የመሰሉ አብራጅ መልእክተኞች እንዲበዙ በማድረግ ሳያስበው ሳንባውንም ያሳርፋል የሚለው ግምት የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ትሉን እናቆየው? በፍጹም። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃም፣ ለ32 የአስም ሕሙማን ገሚሶቹ 10 የመንጠቆ ትል እጮች፣ ገሚሶቹ ባዶ ጠብታ ተደርጎላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲወጣ በአስማቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ትሉ ግን ደም ይመጣል፤ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ የደም ማነስ ያስከትላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በትምህርት ቤቶች ብሔራዊ የትል ማስወገጃ ዘመቻ የጀመረችውም ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አስተያየት ተፈላጊው ትሉ ራሱ ሳይሆን ትሉ የሚያመነጨው አብራጅ ንጥረ ነገር ነው፤ ምርምሩም ወደዚያው አምርቷል።

የኩበቱ ጭስስ? ጭስ የአየር ቧንቧን የሚያስቆጣው ያለ ወጥመዱ፣ በቀጥታ ግድግዳውን በመጉዳት ነው፤ ስለዚህ አለርጂ የሌለበትንም ያሳምማል። ሕክምናው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ይፈታል እንጂ ብግነቱን አያጠፋም፤ ብግነቱን የሚያበርዱት እንደ ቤክሎሜታሶን ያሉ፣ ሕመም ባይሰማም በየቀኑ የሚሳቡ መድኃኒቶች ናቸው። ሳልቡታሞሉን በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚስብ ተማሪ ካለ፣ ይህንኑ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባዋል።