የመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያና የአደጋ ጊዜ ጥሪ

የንግድ ቤት እየሰፋ ሲሄድ አንድ ስልክ አይበቃውም። ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለሒሳብ ክፍሉ፣ ለመጋዘኑና ለዘበኛው ልዩ ልዩ ስልክ ይዘረጋና ሁሉም በአንድ ማዞሪያ ይገናኛል። ማዞሪያው ወጪን ይቀንሳል፤ ሥራንም ያቀላጥፋል። ነገር ግን ማዞሪያ የሚሠራው በተሰጠው ደንብ ብቻ ነው። ደንቡ ሲሰጠው የአደጋ ጊዜ ያልታሰበ እንደ ሆነ፣ እሳት ሲነሣ ወይም ሰው በድንገት ሲታመም፣ ስልክ በእጅ እያለ ረዳት ሊታጣ ይችላል። ስለዚህ ነጋዴዎች በዚህ ጉዳይ ሊያውቁት የሚገባውን ከዚህ በታች በአጭሩ እንገልጻለን።

ከአሜሪካ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ማርሻል በተባለች ከተማ፣ ካሪ ሀንት የተባለች ሴት በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ በባሏ እጅ ተገደለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ እንደ ተማረችው 911ን አራት ጊዜ ደወለች። የሆቴሉ ስልክ ግን ወደ ውጭ ለመደወል አስቀድሞ 9ን መምታት የሚጠይቅ ስለ ነበረ፣ ከጥሪዎቹ አንዱም ከሆቴሉ አልወጣም። የሟቿ አባት ብዙ ከደከሙ በኋላ በእርሷ ስም የተጠራው የካሪ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 16 ቀን 2020 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ በተለይ ሁለት ነገር ያዝዛል። አንደኛ፣ ከማንኛውም የውስጥ መስመር ምንም ቁጥር ሳይጨመር 911ን በቀጥታ ማግኘት ይቻል ዘንድ፤ ሁለተኛ፣ ጥሪው በተደረገ ጊዜ በእንግዳ መቀበያ ወይም በጥበቃ ላይ ላለው ሰው ወዲያው ማስታወቂያ ይደርሰው ዘንድ ነው። ግዴታውም ማዞሪያውን በሚተክሉት ብቻ ላይ ሳይወሰን፣ የሚሠሩትን፣ የሚያስመጡትን፣ የሚሸጡትንና የሚያከራዩትንም ይመለከታል። አስመጪዎቻችን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

በአገራችን የሚያጋጥመው ችግር

በአዲስ አበባ ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳት አደጋ መከላከያ በ939 ይጠራሉ። ሦስቱም በ9 ይጀምራሉ። እንግዲህ የማዞሪያው መውጫ ቁጥር 9 እንደ ሆነ፣ 991ን የሚመታ ሰው ምን ይገጥመዋል? ማዞሪያው የመጀመሪያውን 9 ለራሱ ያስቀርና 91ን ብቻ ወደ ውጭ ይልካል፤ ጥሪውም ከንቱ ይቀራል።

የ907 ነገር ደግሞ ይብሳል። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የእጅ ስልክ ቁጥሮች በ07 ስለሚጀምሩ፣ ማዞሪያው 9ን ከወሰደ በኋላ 07ን የእጅ ስልክ ቁጥር መነሻ አድርጎ ይገምትና ቀሪዎቹን አኃዞች ይጠብቃል። 907 ብቻውን በቀጥታ እንዲያልፍ ቢደረግ ደግሞ በ07 ወደሚጀምሩት ስልኮች መደወል ይታገዳል። በሆቴልም ዘጠነኛው ፎቅ ላይ 907 ወይም 939 የተባለ ክፍል ካለ፣ አምቡላንስ የጠራ ሰው የሚያነጋግረው እንግዳ ይሆናል።

መደረግ የሚገባው

1ኛ፤ 9 መውጫ ቁጥር መሆኑ ይቅር። የውስጥ መስመሮች ቁጥር ከ2 እስከ 6 ባሉት አኃዞች ቢጀምር፣ የውጭ ስልክ በ0 ስለሚጀምር፣ መውጫ ቁጥር ጨርሶ አያስፈልግም። የግድ ካስፈለገም ከ0ና ከ9 የተለየ ይሁን፤ የአደጋ ቁጥሮቹም በመውጫ ቁጥርም ያለ መውጫ ቁጥርም ይለፉ።

2ኛ፤ ወጪ እንዳይበዛ ወደ ውጭ እንዳይደውሉ የተዘጉ ስልኮች፣ ለምሳሌ የመጋዘንና የዘበኛ ስልኮች፣ ለአደጋ ቁጥሮች ክፍት ይሁኑ። ሌሊት እሳትን አስቀድሞ የሚያየው ዘበኛው ነውና።

3ኛ፤ የውጭ መስመሮች ሁሉ በተያዙ ጊዜ የአደጋ ጥሪ የሚያልፍበት አንድ መስመር ይጠበቅ።

4ኛ፤ ጥሪው ከየትኛው ክፍል እንደ ተነሣ ለእንግዳ ተቀባዩ ወይም ለጥበቃው ይታወቅ፤ በር የሚከፍተውና መንገድ የሚመራው እርሱ ነው።

5ኛ፤ በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ያለ ቅርንጫፍ ከአዲስ አበባው ማዞሪያ ጋር ተገናኝቶ እንደ ሆነ፣ ጥሪው በዚያው ከተማ መስመር ይውጣ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መኪና ለድሬዳዋ ምን ይረዳል?

6ኛ፤ መብራት ሲጠፋ ማዞሪያው ዝም ስለሚል ባትሪ ይኑረው፤ አንድ ቀጥታ ስልክም ከማዞሪያው ውጭ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ መፈተን ይገባዋል። አስቀድሞ ለአገልግሎቱ ተናግሮ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከየስልኩ መሞከር፣ ለመላሹም ሙከራ መሆኑን ወዲያው ማስታወቅ ነው። ደንቡ በተለወጠ ቁጥርም ሙከራው ይደገም። ቁጥሮቹም በየስልኩ አጠገብ በጉልህ ይለጠፉ፤ የደነገጠ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳልና።

ከተዘረዘረው አብዛኛው አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው የባለሙያ እጅና የባለቤቱን ትእዛዝ ነው። ማዞሪያ የሚገዛ ነጋዴ ዋጋውን ከመነጋገሩ በፊት እነዚህን ነጥቦች ይጠይቅ፤ የሚሸጠውም ሳይጠየቅ ይመልስ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለምን!