መስከረም አንድ በምን ቀን ይውላል?

ባለፈው ትምህርት ማካፈልን ተምረናል። ስናካፍል አንዳንድ ጊዜ የሚቀር ቁጥር አለ። «ቀሪው ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዛሬ የምናየው የቀሪን ጥቅም ነው።

እኔ ለማስተማር ወደ መካነ ሰላም አካባቢ ስመጣ ሂሳብ አዋቂ ነኝ ብዬ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ መጪው መስከረም አንድ በምን ቀን ይውላል?» አሉኝ። የተበደሩትን ብር በዚያ ቀን ሊመልሱ ተዋውለዋል። በጋቸውን የሚሸጡበት ገበያ ከዚያ በፊት መዋሉን ማወቅ ነበረባቸው። የቀን መቁጠሪያ በእጄ አልነበረምና መልስ አጣሁ። አጠገባችን የነበሩ መሪጌታ ግን በቃላቸው አስበው ነገሯቸው። አፈርኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ስሌቱ እንዲህ ነው።

1. ትልቁን ቁጥር ማግኘት። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ዘመን 5,500 ዓመት ብለው ይቆጥራሉ። በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱን እንደምር። ለ2018 ዓ.ም. 5,500 + 2,018 = 7,518 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል።

2. በ4 ማካፈል። 7,518 ለ4 ሲካፈል 1,879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። 1,879ን አትጣሉት፤ ይፈለጋል።

3. ደምሮ በ7 ማካፈል። 7,518 + 1,879 = 9,397። ይህ ለ7 ሲካፈል 1,342 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ ነው። ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለው ሐሙስ ነው።

ይህ ጥንቆላ አይደለም፤ ምክንያት አለው። ዓመት 365 ቀን ነው። 52 ሳምንት ግን 364 ቀን ነው። አንድ ቀን ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም አንድ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ያን ጊዜ ሁለት ቀን ይሄዳል። የደመርነው 1,879 የእነዚያ ትርፍ ቀኖች ቁጥር ነው።

ሌላም ነገር እንመልከት። 4 ጊዜ 7 28 ነው። ስለዚህ በ28 ዓመት ዘመኑም ዕለቱም አንድ ላይ ይመለሳሉ። መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የዋለውም በዘመነ ማርቆስ፣ ሐሙስ ቀን ነበር። የጨረቃው ቆጠራ ደግሞ በ19 ዓመት ይመለሳል። 28 ጊዜ 19 532 ነው። ሊቃውንቱ ይህን ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገበያ የሚወጣው በአንድ ቀን ነው። ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ለሁሉም እኩል ይደርሳል። እንግዲህ በውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ቀኑን ራሳችሁ አስሉ።

መልመጃ

ሀ. 2019 ዓ.ም. ዘመነ ማን ነው? መስከረም አንድስ በምን ቀን ይውላል?
ለ. አንድ ሰው በ7 አካፍሎ «8 ቀረኝ» አለ። ስሕተቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሀ. ዘመነ ሉቃስ፣ ዓርብ። ለ. ቀሪ ምንጊዜም ከአካፋዩ ያንሳል። ከ8 ውስጥ ገና አንድ 7 ይወጣል።