ስልክ ቁጥሬን ለካሸሯ መስጠት አለብኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ልብስ ስገዛ ካሸሯ ስልክ ቁጥሬንና ዚፕ ኮዴን ትጠይቀኛለች። ካልሰጠሁ ካርዴ የማይሠራ ይመስለኛል። ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ሂሳቡን ለመክፈል ካርድዎ ይበቃል፤ ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለጉት ለማስታወቂያ ነው። በ2011 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የዊሊያምስ ሶኖማ መደብር ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። በክሱ መሠረት አንዲት ደንበኛ ለክፍያው የሚያስፈልግ መስሏት ዚፕ ኮዷን ተናገረች፤ መደብሩ ካርዷ ላይ ካለው ስም ጋር አገናኝቶ የቤት አድራሻዋን ከመረጃ ቋት አወጣ። አምስቷ አሃዝ ብቻዋን ምንም አትመስልም፤ ከስም ጋር ስትገጥም ግን ደጃፍ ድረስ ታደርሳለች። ፍርድ ቤቱም ዚፕ ኮድ የግል መረጃ መሆኑን፣ በክሬዲት ካርድ ከሚከፍል ደንበኛ ጠይቆ መመዝገብም በሕግ የተከለከለ መሆኑን ወሰነ። ቅጣቱ ለመጀመሪያው ጥፋት እስከ 250፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል።

«ማጭበርበርን ለመከላከል ነው» ይሉዎት ይሆናል። ይህ ምክንያት ሰው በሌለበት የነዳጅ መቅጃ ማሽን ላይ ያስኬዳል፤ ሕጉም ይፈቅደዋል። ልብስ መደብር ውስጥ ግን ካሸሯ መታወቂያዎን አይታ መመለስ ትችላለች፤ የተከለከለው መመዝገቡ ነው። ዕቃው ቤትዎ እንዲላክ ከፈለጉ አድራሻ መስጠት ተገቢ ነው። የአባልነት ቅናሽም የራስዎ ምርጫ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ለጥቂት ዶላር ቅናሽ ስልክ ቁጥርን አሳልፎ መስጠት አያዋጣም። ካሸሯ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው፤ በትሕትና «መስጠት አልፈልግም» ይበሏትና ካርድዎን ያቅርቡ።