ስለ ገና ዋዜማ ናፍቆት
የቀድሞውን የበዓል ቴሌቪዥን ለሚናፍቁ ሁሉ የተጻፈ ትምህርት

ንባብ፤ መክብብ 7፥10፤ ሉቃስ 2፥8-20።

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ የታኅሣሥ ወር በገባ ቍጥር በከተማችን በአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት ናፍቆት ይነሣል። አንደኛው ወደ ፊት ያያል፤ ገና ሲደርስ ቴሌቪዥን ምን ልዩ ዝግጅት ያሳየን ይሆን እያለ ይጠብቃል። ሁለተኛው ወደ ኋላ ያያል፤ የልጅነታችን የበዓል ዝግጅት እንዴት ያማረ ነበረ፥ ያ ዘመን ወዴት ሄደ እያለ ያዝናል። ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለ ሁለቱ ትናገራለች። ናፍቆትን ለመንቀፍ አልተጻፈችም። ነገር ግን ሰው የሚናፍቀውን ለይቶ ካላወቀ፥ ያጣውን ሲፈልግ በእጁ ያለውን ያጣል። እኔ ጸሐፊው እንዲህ ሆኜ ስለ ተገኘሁ እጽፋለሁ።

1. በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የተጠየቀ ጥያቄ

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከማስተምራቸው ወጣቶች ጋራ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣን። ይህ ስፍራ በከተማችን ሰሜን በእንጦጦ ተራራ ጎን ያለ፥ ስፋቱም ከ700 ሄክታር የሚበልጥ ነው። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ያቋቋሙት ሲሆን፥ የአገራችን ዛፍና ቅጠል ይጠበቅበታል፤ ይጠናበታልም። ከጽድ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቍልቍል ስንመለከት ከተማችን ተዘርግታ ታየችን፤ በየጣራውም ላይ የዲሽ ሳሕን ወደ ሰማይ አፉን ከፍቶ ነበረ።

ከወጣቶቹም አንዱ ስልኩን አውጥቶ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀረጸ የበዓል ዋዜማ ዝግጅት አሳየን። ሁላችን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ዝም አለና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ጋሼ፥ በእናንተ ጊዜ የነበረው በዓል ከአሁኑ ይበልጥ ነበረ ይላሉ። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ እኛ ምን አጠፋን?»

አዎን ልለው አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በገና ዋዜማ ያደረግሁት ነገር ትዝ ስላለኝ ዝም አልሁ። «አስቤበት እመልስልሃለሁ» አልሁት። መልሴም ይህ ነው።

2. የቀድሞው ነገር እንዴት እንደ ነበረ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበረ፤ በቀለም ማሳየት የጀመረው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ተመልካች የሚመርጠው ብዙ ጣቢያ አልነበረውም። ለልጆች አባባ ተስፋዬ የተባሉት ተስፋዬ ሣህሉ ተረት ይነግሩ ነበረ። እኒህ ሰው ከ40 ዓመት በላይ የኢትዮጵያን ልጆች በቴሌቪዥን ሲያስተምሩና ሲያጫውቱ ኖረው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዐረፉ። በኋላም ዘመን በዓል ሲመጣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፥ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በቀልዳቸው ቤተ ሰቡን ሁሉ ያስቁ ነበረ።

እኔ ያደግሁት እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ነው። በመንደራችን ቴሌቪዥን የነበረው በአንድ ቤት ብቻ ነበረ። የቤቱ ባለቤቶች ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሚስቲቱን እማማ እንላቸዋለን። በሌላ መንደር ልጆችን ሳንቲም እያስከፈሉ የሚያስገቡ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እማማ ግን አንድ ሳንቲም አልተቀበሉንም። በዋዜማው ምሽት እግራችንን አስታጥበው በተጐዘጐዘው ቄጠማ ላይ በተራ ያስቀምጡን ነበረ። ትልልቆቹ ወንበር ላይ፥ እኛ መሬት ላይ፥ የዘገየውም በደጃፉ ቆሞ ያይ ነበረ። ሥዕሉ ሲበላሽ አንድ ጐረምሳ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ እኛም ከውስጥ «ታየ! ኧረ ጠፋ! መልሰው!» እያልን እንጮኻለን። መብራት ከጠፋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሽማግሌዎች ጨዋታ ያመጣሉ፥ ድፎ ዳቦ ይቈረሳል፥ መብራቱ ቢመጣም ባይመጣም ምሽቱ ምሽት ሆኖ ያልፋል።

3. የናፈቅነው ምንድር ነው?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በጥንቃቄ እንመርምር። ያን ጊዜ የታየውን ዝግጅት ዛሬ በስልክህ ፈልገህ ልታገኘው ትችላለህ፤ ጠፍቶ የነበረው ሁሉ ተመልሶ በእጅህ ነው። ስታየው ግን ልብህ አይጠግብም። ስለ ምን? የናፈቅኸው ዝግጅቱን ብቻ አልነበረምና። ከዝግጅቱ ጋራ ሦስት ነገሮች ነበሩ።

አንደኛ፥ ይጠበቅ ነበረ። የሚመጣው በቀኑና በሰዓቱ ብቻ ስለ ሆነ ልጅ ሁሉ ቀን ይቈጥር ነበረ። የሚጾሙት ቤተ ሰቦች ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ፤ ስለዚህ ዶሮው ሲታረድ፥ ጠላው ሲቀዳ፥ ቴሌቪዥኑም ሲበራ ደስታው በአንድነት ይደርስ ነበረ።

ሁለተኛ፥ በኅብረት ይታይ ነበረ። ሳቁ ከሳጥኑ አልመጣም፤ ከጎናችን ከተቀመጠው ሰው መጣ እንጂ። ያልገባንን ቀልድ እንኳ ትልልቆቹ ሲስቁ አይተን እንስቅ ነበረ።

ሦስተኛ፥ ያልቅ ነበረ። ጣቢያው ይዘጋል፤ ሰውም ተመራርቆ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ በማግሥቱም ስላየው ነገር ይነጋገራል። ዛሬ ግን የሚያልቅ ነገር የለም። አንዱ ሲፈጸም ሌላው ይከተላል፥ ሌሊቱም ሳይታወቅ ያልፋል።

4. ስለ ራሴ በደል

ያለፈው ዓመት የገና ዋዜማ ነበረ። በቤቴ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አምስታችንም በየማዕዘኑ ስልካችንን ይዘን ተቀምጠናል። ትልቁ ቴሌቪዥንም ማንም ሳያየው ይናገር ነበረ። እኔም የማየው ምን እንደ ሆነ ልናገር፤ አሳፋሪ ነውና። የድሮውን የበዓል ዝግጅት ከፍቼ፥ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ያይ የነበረበትን ዘመን እያሰብሁ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበረ።

በዚያን ጊዜ በር ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኖአል፤ ልጆቻቸውም በሩቅ አገር ናቸው። ከጋገሩት ዳቦ ቈርሰው በመሶብ ወርቅ ይዘው መጡ። እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ «ይግቡ እማማ፥ ይቀመጡ» አልኋቸው፤ ዓይኔንም ወደ ስልኬ መለስሁ። ልጆቼም ሰላምታ ሰጥተው ወደየነገራቸው ተመለሱ። ጥቂት ቈይቼ ቀና ብል ወንበሩ ባዶ ነው። ዳቦው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ እርሳቸው ግን የሉም። መቼ እንደ ወጡ ከአምስታችን አንድ ሰው አላወቀም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በልጅነቴ እግሬን አስታጥበው በቤታቸው ያስቀመጡኝን ሴት፥ በቤቴ እንደ እንግዳ እንኳ አልተቀበልኋቸውም። በማግሥቱ ማለዳ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ለመንሁ። እርሳቸውም ቡናቸውን እየቈሉ እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፥ እኔ የመጣሁት ቴሌቪዥን ላይ አልነበረም፤ እርሱማ በቤቴም አለ። የሰው ድምፅ ልሰማ ነው እንጂ።»

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። የናፈቅሁት ዘመን በሩን አንኳኵቶ ገብቶ ነበረ፤ እኔ ግን ሥዕሉን እያየሁ ባለቤቲቱን ሸኘሁ።

5. የቀድሞው ዘመን ሁሉ ወርቅ አልነበረም

ጠቢቡ በመክብብ 7ኛ ምዕራፍ የቀድሞው ዘመን ስለ ምን በለጠ ብሎ መጠየቅ ከጥበብ እንዳይደለ ያስተምራል። ይህም እውነት ነው። ቴሌቪዥናችን በቀለም ባሸበረቀበት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፥ በወሎና በትግራይ ሕዝባችን በራብ ያልቅ ነበረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ በኮረም የተነሣውን ፊልም ባሳየ ጊዜ የዓለም ሕዝብ ደነገጠ። እንግዲህ እኛ በልጅነት ያየነው ቀለሙን ነው፤ ከቀለሙ በስተኋላ የነበረውን አላየንም። ለልጆቻችን ስለዚያ ዘመን ስንናገር ደስታውን ብቻ ነግረን የእነርሱን ዘመን ብናጣጥል እውነትን አጕድለናል።

በእጽዋቱም ማዕከል ሳለን ይህን የሚመስል ነገር አየሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በእጄ አሽቼ ካሸተትሁ በኋላ «ይህ የልጅነቴ ሽታ ነው» አልሁ። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጦትን ለማስወገድ በከተማችን ተተከለ። ለአያቶቻችን አዲስ ነገር የነበረው ለእኛ የጥንት ትዝታ ሆነ። ቴሌቪዥንም እንዲሁ ነው። በዋዜማው ምሽት ቴሌቪዥን ሲገባ፥ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በሜዳ ላይ በተቈለመመ ዱላ ሩር እየመቱ የሚጫወቱትን የገና ጨዋታ ይናፍቁ ነበረ። ዛሬ በስልክ የሚስቀውም ልጅ ከ30 ዓመት በኋላ ይህን ዘመን ይናፍቃል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1932 በገና ቀን በሬዲዮ ለሕዝባቸው ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛም በ1957 በቴሌቪዥን ታዩ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ይህን የበዓሉ ልማድ አደረገው። በአሜሪካ ደግሞ በ1965 ቻርሊ ብራውን ስለሚባል ልጅ የተሠራ የገና ፊልም ታየ። በፊልሙ ልጁ ገና ንግድ ሆነ ብሎ ያዝናል። እነሆ፥ ዛሬ ሰዎች ወርቃማ የሚሉት ያ ፊልም ራሱ ስለ ጠፋ በዓል የሚያዝን ነበረ።

6. ቴሌቪዥንን እንጣለውን?

አይደለም። ዕቃ ኃጢአት የለበትም። ከአልጋው መነሣት የማይችል በሽተኛ በላሊበላ የሚከበረውን የልደት በዓልና የቤዛ ኵሉን ሥርዓት በቴሌቪዥን ሲያይ ይጽናናል። በስደት አገር ያለ ወገናችን፥ ታኅሣሥ 29 ቀን ለእርሱ የሥራ ቀን ሆኖ ሳለ፥ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ የአገሩን የበዓል ዝግጅት ከፍቶ ቄጠማ ያላት አንዲት ክፍል ሲያይ ነፍሱ ትመለሳለች። ይህን መንቀፍ ጭካኔ ነው።

ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል የተጻፉትን እረኞች አስብ። በዚያች ሌሊት በሰማይ ያዩት ነገር ከምድር ትርኢት ሁሉ የሚበልጥ ነበረ። እነርሱ ግን ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጡ አልቀሩም፤ ተባብለው ተነሡ፥ ፈጥነውም ሄደው በግርግም የተኛውን ሕፃንና ቤተ ሰቡን አገኙ። ያዩት ነገር ወደ ሰው ቤት መራቸው። የበዓል ዝግጅትም በጎነቱ በዚህ ይለካል፤ ከተፈጸመ በኋላ ወደ ሰው ይመራሃልን? ወይስ ከሰው ይለይሃል?

7. ለዘንድሮው ገና የሚሆን ምክር

አንደኛ፥ ከዝግጅቶቹ አንዱን ምረጥ፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን አውቆ ይጠብቀው። አስቀድመህ ለብቻህ አትየው።

ሁለተኛ፥ በዚያን ሰዓት ስልክ ሁሉ በአንድ መሶብ ክዳን ሥር ይቀመጥ፤ አባትም ከሁሉ በፊት የራሱን ያኑር። ልጅ የሚማረው ከምናዘው ሳይሆን ከምናደርገው ነውና።

ሦስተኛ፥ በመንደርህ ብቻውን የሚያመሸውን ሰው አስቀድመህ ጥራ። «በዓል ነውና ይምጡ» ብሎ መላክ አይበቃም፤ ሄደህ ክንዱን ይዘህ አምጣው።

አራተኛ፥ ሲያልቅ አጥፋው። ከዚያ በኋላ ቡና ይፈላ፤ ሽማግሌ ይናገር፥ ልጅም ይጠይቅ።

አምስተኛ፥ ልጆችህ የሚያስቃቸውን ያሳዩህ፤ ባይገባህም ከእነርሱ ጋራ ሳቅ። አንተም በልጅነትህ እንዲሁ ሳይገባህ ስቀሃልና።

በእጽዋቱ ማዕከል ቅጠልን የመጠበቅ ሁለት መንገድ እንዳለ ተማርሁ። ቅጠሉን አድርቀው በወረቀት መካከል ያኖሩታል፤ ይህ ለማስታወስ ይጠቅማል። ዘሩን ግን በአፈር ያበቅሉታል፤ ችግኙም አድጎ ለሚመጣው ትውልድ ጥላ ይሆናል። የድሮው የበዓል ዝግጅት የደረቀው ቅጠል ነው፤ በደስታ እየው። የእማማ የተከፈተ በር ግን ዘሩ ነው፤ እርሱን ትከለው።

ለዚያም ወጣት መልሴ ይህ ሆነ። «ልጄ፥ እናንተ አላጠፋችሁም። በሩን የዘጋነው እኛ ነን፤ እንከፍተውማለን።» ዘንድሮ እማማ ዋዜማውን በቤቴ ሊያመሹ ቃል ገብተዋል። ልጆቼ ሄደው ያመጡአቸዋል፤ እኔም በደጃፉ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ከልጅነትህ የበዓል ምሽት አብልጠህ የምታስታውሰው ያየኸውን ነው ወይስ ከማን ጋራ እንዳየኸው?
2. ጠቢቡ የቀድሞውን ዘመን አብልጦ መጠየቅን ከጥበብ ያልቈጠረው ስለ ምንድር ነው?
3. እረኞቹ ካዩ በኋላ ምን አደረጉ?
4. በመንደርህ የበዓሉን ዋዜማ ብቻውን የሚያመሸው ማን ነው? መቼስ ትጠራዋለህ?