የኤሌክትሪክ ጊታርን በቬክተር መሣል፦ ከፍሬት ስሌት እስከ ብርሃን ነጸብራቅ

መግቢያ

በኮምፒውተር የሚሠራ ሥዕል በሁለት መንገድ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ሥዕሉን ፒክሰል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም መመዝገብ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚቀመጠው በዚህ መልክ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቬክተር ይባላል። በዚህኛው የሚመዘገበው ነጥቡ ሳይሆን መስመሩ ከየት ተነሥቶ፣ እንዴት ተጣጥፎ፣ የት እንደሚደርስና በምን ቀለም እንደሚሞላ የሚገልጸው ሒሳብ ነው።

ልዩነቱን በስሌት እንመልከት። 1 ሜትር ርዝመትና 33 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የጊታር ሥዕል በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል አድርገን ብንመዘግበው 46 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ያስፈልጉናል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ብንመድብ ያልታመቀው ፋይል 138 ሜጋባይት ይሆናል። ይኸው ሥዕል በቬክተር ጥቂት መቶ ነጥቦችን ብቻ ስለሚፈልግ መጠኑ እጅግ ያነሰ ነው፤ አራት እጥፍ ቢተልቅም ጠርዙ አይሸራረፍም።

ጉዳዩ ለተማሪ የእንጀራ ጉዳይም ሊሆን ይችላል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ፣ ባነር የሚያትም፣ ስቲከር የሚቆርጥና በከነቴራ ላይ ሥዕል የሚያሳርፍ ድርጅት ሁሉ የሚፈልገው ሲተልቅ የማይበላሽ ሥዕል ነው። ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን ምላጩን የሚመራው በመስመር እንጂ በፒክሰል አይደለም። ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ለመጀመር የሚያስፈልገው መጠነኛ ኮምፒውተርና የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው።

ምሳሌያችን የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። መሣሪያው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ የባንዱ ጊታሪስት ሰላም ስዩምም በዚሁ መሣሪያ ስሙን የተከለ ባለሙያ ነው።

1. ፍሬቶች የት ይቀመጣሉ?

በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት የብረት ዘንጎች ፍሬት ይባላሉ። ጀማሪ ሠዓሊ በአብዛኛው በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል። ይህ ትክክል ያልሆነበት ምክንያት ፊዚክስ ነው።

ውጥረቱና ክብደቱ ያልተለወጠ ክር የሚያወጣው የድምፅ ድግግሞሽ ከርዝመቱ ጋር ተገላቢጦሽ ነው፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል። በአንድ ድምፅና በእጥፉ መካከል 12 እኩል የድምፅ እርምጃዎች ስላሉ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ድግግሞሹን የሚያባዛው 12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 በሚሰጥ ቁጥር ነው። ይህም ቁጥር 1.05946 ነው። ስለዚህ ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ ስንሻገር የቀረውን የክር ርዝመት ለዚሁ ቁጥር እናካፍላለን።

እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበውን የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር እንውሰድ። የክሩ ርዝመት ከአንገቱ ጫፍ ማረፊያ እስከ ድልድዩ 648 ሚሊ ሜትር ነው። 648ን ለ1.05946 ስናካፍል 611.6 እናገኛለን፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፍሬት ከማረፊያው በ36.4 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ይቀመጣል። በዚሁ መንገድ ስንቀጥል፦

2ኛ ፍሬት፦ 70.7 ሚሊ ሜትር
3ኛ ፍሬት፦ 103.1 ሚሊ ሜትር
5ኛ ፍሬት፦ 162.5 ሚሊ ሜትር
7ኛ ፍሬት፦ 215.5 ሚሊ ሜትር
12ኛ ፍሬት፦ 324.0 ሚሊ ሜትር
21ኛ ፍሬት፦ 455.3 ሚሊ ሜትር

12ኛው ፍሬት በትክክል የክሩ እኩሌታ ላይ መዋሉን ልብ ይሏል። የመጀመሪያው ክፍተት 36.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ11ኛውና በ12ኛው መካከል ያለው 19.3፣ በ20ኛውና በ21ኛው መካከል ያለው ደግሞ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ፍሬቶቹን በእኩል ርቀት ብንሥላቸውስ? እስከ 12ኛው ድረስ እያንዳንዱ ክፍተት 27 ሚሊ ሜትር ይሆንና 7ኛው ፍሬት 189 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። በ110 ኸርዝ የተቃኘው አምስተኛው ክር በ7ኛው ፍሬት ላይ 164.8 ኸርዝ መስጠት ሲገባው 155.3 ኸርዝ ይሰጣል፤ ይህ የ6ኛው ፍሬት ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሥዕል የሙዚቃ ማስተማሪያ ቤት በር ላይ ቢሰቀል፣ የሚያሳየው ሊጫወቱበት የማይቻል ጊታር ነው። የሙዚቀኛ ዓይን ይህን ወዲያው ይለያል።

ክሮቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። በተለመደ የክር ስብስብ ቀጭኑ 0.25፣ ወፍራሙ 1.17 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አላቸው፤ ሦስቱ ወፍራሞች ደግሞ ሌላ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለባቸው ናቸው። ስድስቱም ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ድልድዩ ሲቀርቡ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ።

2. ጥምዙን አካል በአራት ነጥብ

የጊታሩን አካል የሚሠሩት ጥምዝ መስመሮች የቤዚየር ኩርባ በሚባለው ሒሳብ ይገለጻሉ። ይህ ዘዴ የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮየን፣ ፒየር ቤዚየር በሬኖ ሲሠሩ የመኪና አካልን ቅርጽ በቁጥር ለመግለጽ የደረሱበት ነው።

አንድ ኩርባ አራት ነጥቦች አሉት። መስመሩ ከመጀመሪያው ተነሥቶ አራተኛው ላይ ያርፋል፤ ሁለቱ መካከለኛ ነጥቦች ግን መስመሩን ወደ ራሳቸው ይስባሉ እንጂ በአብዛኛው አይነኩትም። የኩርባውን መካከለኛ ነጥብ ለማግኘት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንድ አንድ ጊዜ፣ መካከለኞቹን ሦስት ሦስት ጊዜ ቆጥረን ድምሩን ለ8 እናካፍላለን። ለምሳሌ ነጥቦቹ (0፣ 0)፣ (0፣ 40)፣ (60፣ 40) እና (60፣ 0) ቢሆኑ መካከለኛው ነጥብ (30፣ 30) ነው።

ከዚህ ሁለት የአሠራር ደንቦች እናገኛለን። አንደኛ፣ ነጥብ ማብዛት መስመሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ ነጥቦችን ኩርባው አቅጣጫውን በጉልህ በሚለውጥበት ቦታ ብቻ እናስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ሁለት ኩርባዎች ያለ ስብራት እንዲገናኙ በመገናኛው ግራና ቀኝ ያሉት መሳቢያ ነጥቦች ከመገናኛው ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ክብ የሆኑትን የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፎች በአራት ኩርባ ስንሠራ የመሳቢያውን ርዝመት የሬዲየሱን 0.5523 እናደርገዋለን፤ የሚፈጠረው ስሕተት ከሬዲየሱ 0.03 በመቶ እንኳ አይሞላም።

3. ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ሥዕልን እውነተኛ የሚያስመስለው በይበልጥ የብርሃን አያያዝ ነው። ሦስት ነገሮችን እንለይ።

ሀ. ደብዛዛ ገጽ። አንጸባራቂ ያልሆነ ገጽ የሚቀበለው ብርሃን ከብርሃኑ ማረፊያ ማዕዘን ኮሳይን ጋር ይመጣጠናል። ድቡልቡል ዘንግ ከፊት ሲበራለት የመሃሉን ብርሃን 1 ብንለው፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ 0.87፣ በ0.8 ላይ 0.6፣ በ0.95 ላይ 0.31 ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙን ከመሃል እስከ ጠርዝ በእኩል መጠን ማጥቆር ስሕተት ነው፤ ጥላው የሚከማቸው ጠርዙ አጠገብ ነው።

ለ. በቫርኒሽ የተቀባ አካል። የቫርኒሹ የስብራት ኢንዴክስ 1.5 ያህል ነው። በዚህ ስሌት ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን 4 በመቶው ብቻ ሲንጸባረቅ፣ በ80 ዲግሪ ሰያፍ የሚመጣው ግን 39 በመቶ ያህል ይንጸባረቃል። በጊታሩ የተጠጋጋ ጠርዝ ላይ ደማቅ የነጸብራቅ መስመር የሚታየው ለዚህ ነው። ነጸብራቁ ከቫርኒሹ ላይ ስለሚነሣ የሚይዘው የመብራቱን ቀለም ነው፤ በቀይ ጊታር ላይ የሚያርፈው የነጭ መብራት ነጸብራቅ ነጭ እንጂ ሮዝ አይደለም።

ሐ. ብረት። ክሮም አካባቢውን እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን፣ በስል ድንበር ይቀመጡበታል። በወርቅ ቅብ ላይ ግን ነጸብራቁ ራሱ ቢጫ ይሆናል፤ ወርቅ ሰማያዊውን ብርሃን ከሌሎቹ አሳንሶ ስለሚመልስ ነው።

ማጠቃለያና መልመጃ

ከላይ እንዳየነው እውነተኛ የሚመስል ሥዕል ከእጅ ቅልጥፍና በፊት ልኬትን ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የክሩን ርዝመት መለካት፣ ቀጥሎ ፍሬቶችን አስልቶ መትከል፣ ከዚያ አካሉን በጥቂት ኩርባዎች መክበብ፣ በመጨረሻም የብርሃኑን ምንጭ አንድ ቦታ ወስኖ ለሁሉም ክፍሎች በዚያው መሠረት ነጸብራቅ መስጠት።

ለመልመጃ ያህል፣ የክሩ ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር የሆነ ጊታር 5ኛ ፍሬት የት እንደሚውል አስሉ። ቀጥሎም በአቅራቢያችሁ ያለ ክራር ፈልጋችሁ ቀንበሩን፣ ሁለቱን ቋሚዎች፣ በቆዳ የተለበጠውን ገበቴና የክሮቹን ርዝመት በማስመሪያ ለክታችሁ ሣሉ። ክራር ፍሬት የለውም፤ ቅኝቱ የሚለወጠው ክሮቹን በማጥበቅና በማላላት ነውና የፍሬቱ ስሌት ለእርሱ አይሠራም። የኩርባውና የብርሃኑ ሕግ ግን ለጊታርም ለክራርም አንድ ነው። የገዛ መሣሪያዎቻችን በትክክል ተለክተው ቢሣሉ፣ ለመማሪያ መጽሐፍም ለማስታወቂያም ከግምት የተሻለ ሥዕል ይኖረናል።