የመንገድ መገናኛ ጥግ ላይ የቆመች መኪና

ጥያቄ፦ በትንሽ ከተማ የትራፊክ ሞት ቀነሰ ሲባል የሥራ ውጤት ነው ወይስ አጋጣሚ?

መልስ፦ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚሞተው ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ አደጋ ብቻ ስሌቱን ይገለብጠዋል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የምትገኘው ሆቦከን ግን 60,000 ያህል ሕዝብ ተጨናንቆባት፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኋላ ቢያንስ ሰባት ተከታታይ ዓመታት በመንገዶቿ ላይ የትራፊክ ሞት አልተመዘገበም። ይህን በዕድል ብቻ ማስረዳት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የተሠራው ሥራ በዓይን ይታያል። የመንገድ መገናኛ ጥግ ላይ የቆመ መኪና እግረኛውንና አሽከርካሪውን እንዳይተያዩ ይጋርዳቸዋል፤ ልጅማ ጭራሽ አይታይም። ከተማዋ ጥጉን ነጻ አድርጋ፣ መንገድ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻውን ስለማይከበር የብስክሌት ማቆሚያና የአትክልት ሣጥን አኖረችበት። አብዛኛው የተሠራው መንገድ ሲታደስ ስለሆነ ተጨማሪ ወጪው ቀላል ነበር። በ2022 ደግሞ የፍጥነት ወሰኑን በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር አወረደች።

“የመኪና ማቆሚያ ተወሰደብን” የሚለው ቅሬታ ይገባኛል፤ ነገር ግን የግዛቱ ሕግ ድሮውንም ከእግረኛ መሻገሪያ 7.6 ሜትር ውስጥ መቆምን ይከለክላል። “ችግሩ የአሽከርካሪው ሥነ ምግባር ነው” ለሚሉም መልሴ፦ ጥንቁቅ አሽከርካሪም ቢሆን ለማያየው ሰው ፍሬን አይዝም። የአንድ ዓመት የሞት ቁጥር ግን አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል፣ የከተማዎን ሪፖርት ሲያዩ የአምስት ዓመቱን የከባድ ጉዳት ቁጥር ይጠይቁ።