በክሊኒክ ማሻሻያ ዕቅድ ላይ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በአሜሪካ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና በማስተርስ ለሚማሩ

ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሴሚስተሩ አጋማሽ ነው። የክሊኒክ ዳይሬክተሯ ለስብሰባ ይጠሩዎታል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ገጽ የማሻሻያ ዕቅድ ይጠብቅዎታል፤ ከግርጌው የፊርማ ቦታ አለ። በክፍል ፈተና ከሁሉም የሚበልጡ ተማሪዎችም ይህ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ስለ አንጎል መጽሐፍ አንብቦ ፈተና ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ስትሮክ ቃል ካሳጣው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ 45 ደቂቃ መሥራት ሌላ።

ምርጫዎ ሦስት ነው፦ ዕቅዱን ተቀብሎ መሥራት፣ ውሳኔውን መቃወም፣ ወይም አቋርጦ መውጣት። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር። ከሦስቱ የቱ እንደሚሻል ለማወቅ ከውጤትዎ ይልቅ የዕቅዱን ጥራት ይመርምሩ። ይህ ሙያ ለአራት ዓመት ሕፃን እንኳ የሚለካ ግብ ሳይጽፍ ሕክምና አይጀምርም። ለተማሪው ከዚያ ያነሰ ሊጻፍለት አይገባም።

ምን እየተለካ ነው?

በተለምዶ አሻ የሚባለው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ለሙያ ሰርተፊኬቱ 400 የክሊኒክ ሰዓት ይጠይቃል፤ 25ቱ ምልከታ፣ 375ቱ ከታካሚ ጋር በቀጥታ የሚሠራ። ተማሪ ሁሉ ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ እያንዳንዷን ሩብ ሰዓትም ይቆጥራል። ነገር ግን ሰዓቱ ቢሞላም ብቃቱ ካልታየ ማንም አይፈርምልዎትም። በብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ የወደቁበት ልምምድ ሰዓት ጭራሽ አይቆጠርም። በእርስዎ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሆነ የተማሪዎች መመሪያውን ከፍተው ከስብሰባው በፊት ይዩ።

ብዙ ፕሮግራሞች ከ1 እስከ 5 በሚሄድ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ ከታች ችሎታው ያልታየበት፣ ከላይ ያለ ዕርዳታ በቋሚነት የታየበት። በመጀመሪያው ሴሚስተር 3 ማግኘት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ያው 3 በመጨረሻው ሴሚስተር ያስወድቃል። ስለዚህ "ስንት አገኘሁ?" ብለው አይቁሙ። "በዚህ ደረጃ ካለ ተማሪ ስንት ይጠበቃል? ይህስ የት ተጽፏል?" ብለው ይጠይቁ።

የገመገመዎ ሰው ምን ያህል አይቶዎታል?

የአሻ ደንብ ሱፐርቫይዘር ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ካለዎት ጊዜ ቢያንስ 25 በመቶውን እንዲያይ ያስገድዳል። ይህ ትንሹ ነው፤ ለሚቸገር ተማሪ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ግምገማው በየትኞቹ ቀናት፣ በየትኞቹ ታካሚዎች ላይ እንደተመሠረተ ይጠይቁ። ቪዲዮ ካለ አብራችሁ እንድታዩት ይጠይቁ። ሌላ ሱፐርቫይዘር ያንኑ ቪዲዮ አይቶ ተመሳሳይ ውጤት ሰጥቶ ከሆነ ክርክሩን ይተዉትና ወደ ሥራው ይግቡ።

ከ2020 ጀምሮ ተማሪ የሚቆጣጠር ባለሙያ ሰርተፊኬት፣ ከዚያ በኋላ የ9 ወር የሥራ ልምድና 2 ሰዓት ስለ ሱፐርቪዥን የሚሰጥ ሥልጠና ሊኖረው ይገባል። ሁለት ሰዓት! ከዚህ የምንረዳው ብዙዎቹ ሱፐርቫይዘሮች ግሩም ቴራፒስቶች ሆነው ሳለ ማስተማርን ግን በልምድ የቀሰሙ መሆናቸውን ነው። ክፋት የለበትም፤ ግን ግምገማቸው ደብዛዛ ሆኖ ሲመጣ እርስዎ በጥያቄ ማጥራት ይኖርብዎታል።

ዕቅዱ እውነት ዕቅድ ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። "ተማሪዋ በራስ መተማመኗን ታሻሽል"፣ "ክሊኒካዊ አስተሳሰቧ ይጎልብት" የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ምኞት ናቸው። ጎለበተ የሚባለው ምን ሲታይ ነው? ከዚህ ጋር ያወዳድሩት፦ "ሕፃኑ ዒላማውን ድምፅ ሲሳሳት ተማሪዋ ከሱፐርቫይዘር ዕርዳታ ሳታገኝ ተገቢውን ፍንጭ ትሰጣለች፤ በተከታታይ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ከ10 ዕድል በ8ቱ።" ይህኛው ሊሞላም ሊከሽፍም ይችላል፤ ሁለቱንም ግን ሁለት ሰው እኩል ሊያየው ይችላል። ዕቅድዎ በመጀመሪያው ቋንቋ ከተጻፈ፣ ሳይፈርሙ በፊት በሁለተኛው ቋንቋ እንደገና እንዲጻፍ በትህትና ይጠይቁ። ረቂቁን እርስዎው አዘጋጅተው ቢሄዱ ይበልጥ ይሻላል፤ ግብ መጻፍ የተማሩት ሙያ ነው።

ቀጥሎ የችግሩን ሥር የለየ መሆኑን ይመልከቱ። አንዲት ተማሪ ከሕፃን ጋር እየሠራች ትክክልና ስህተት መልሶችን አትመዘግብም እንበል። ምናልባት ምን መቁጠር እንዳለባት አታውቅም። ምናልባት ታውቃለች፤ ግን መጫወቻውን ይዛ፣ ሕፃኑን እያየች፣ በሌላ እጇ መጻፍ አልቻለችም። ምናልባት ደግሞ የመቁጠሩ አስፈላጊነት አላሳመናትም። ለመጀመሪያዋ ንባብ ይበቃል። ሁለተኛዋን ቪዲዮ እያዩ ደጋግሞ የመቁጠር ልምምድ እንጂ ንባብ አያድናትም። ሦስተኛዋ ባለፈው ሳምንት መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተለወጠ ሕክምና በዓይኗ ማየት አለባት። ለሦስቱም "የአምስት ገጽ የግል ምልከታ ጽሑፍ ታቅርብ" የሚል ዕቅድ ከመጣ፣ የጻፈው ሰው ምርመራ ሳያደርግ መድኃኒት አዟል።

በተመሰለ ታካሚ የሚደረግ ልምምድ፣ ማለትም ሲሙሌሽን፣ በዕቅዱ ውስጥ አለ? አሻ ከቀጥታ ሰዓቶቹ እስከ 75 ሰዓት በሲሙሌሽን እንዲሞላ ይፈቅዳል። በተለይ በመዋጥ ችግር ላይ ለደከመ ተማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ እዚያ የሚሠራ ስህተት ምግብ ወይም ውሃ ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላልና። እውነቱን ለመናገር፣ ሱፐርቫይዘሮች በዚህ ቦታ ጥብቅ ሲሆኑ እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ።

አንድ ስውር ወጥመድም አለ። ጂን አንደርሰን በ1988 ባሳተሙት የሱፐርቪዥን መጽሐፍ ሂደቱን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ ሱፐርቫይዘሩ የሚነግርበት፣ ሁለቱ አብረው የሚያስቡበት፣ በመጨረሻ ተማሪው ራሱን የሚገመግምበት። የሚቸገር ተማሪ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለሳል፤ ተገቢ ነው። ችግሩ እዚያው ሲቀር ነው። በየደቂቃው ምን እንደሚያደርግ እየተነገረው ይሰነብትና ሴሚስተሩ ሲያልቅ "በራሱ አይንቀሳቀስም" ተብሎ ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዕቅዱ ዕርዳታው መቼና እንዴት እንደሚቀንስ ይናገር። የመጨረሻውን ግምገማ ዕቅዱን የጻፈው ሰው ብቻ እንዳይሰጥም ይጠይቁ።

ስለ አነጋገር ቅላጼ የተጻፈ ነገር ካለ

በአማርኛ አፍ ለፈታ ተማሪ ይህ የተለየ ምዕራፍ ነው። አሻ በ1998 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ እንግሊዝኛን በቅላጼ የሚናገሩ ተማሪዎችና ባለሙያዎች የሚጠበቀው ዕውቀትና የክሊኒክ ችሎታ እስካላቸው፣ ለታካሚያቸው የሚያስፈልገውን ድምፅ ወይም የሰዋስው ቅርጽ ማሳየት እስከቻሉ ድረስ ማገልገል እንደሚችሉ አስፍሯል። መስፈርቱ ቅላጼ መኖር አለመኖሩ ላይ አላረፈም።

ስለዚህ ግምገማው ላይ "ንግግሯ ለመረዳት ያስቸግራል" የሚል ካለ፣ "ለማን? በየትኛው ክፍለ ጊዜ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ "የመስማት ችግር ያለባቸው አዛውንት መመሪያዋን ሦስት ጊዜ አስደገሟት" ከሆነ ጉዳዩ ክሊኒካዊ ነው፤ የንግግር ፍጥነት መቀነስ፣ ዓረፍተ ነገር ማሳጠር፣ በጽሑፍ ማገዝ እንደ ግብ ይግቡ። መልሱ "እኔ አንዳንዴ ይከብደኛል" ብቻ ከሆነ፣ አስተያየቱ ከግምገማው እንዲወጣ ይጠይቁ።

በሌላ በኩል ራስዎንም በሐቅ ይፈትሹ። ምላስ በጥርሶች መካከል ገብቶ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም፤ እንግሊዝኛ የሚለያቸው አጭርና ረጅም አናባቢዎችም ለጆሯችን ይቀራረባሉ። ያንን ድምፅ ሕፃን ሊያስተምሩ ከሆነ ማውጣትም፣ ሕፃኑ ሲሳሳት ለይቶ መስማትም ግድ ነው። መስማቱ እንዲያውም ይበልጣል፤ ለማሳየት የተቀዳ ድምፅ ሊያግዝ ይችላል፣ ጆሮ ግን ተተኪ የለውም።

አማርኛ ተናጋሪ በሚበዛበት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚለማመዱ ከሆነ ደግሞ፣ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ በመጣ ቁጥር ለማስተርጎም መጠራትዎ አይቀርም። ለወገን ማገልገል ደስ ይላል። የሌላውን ሰው ክፍለ ጊዜ ሲያስተረጉሙ የሚያልፈው ጊዜ ግን የእርስዎ የሕክምና ሰዓት ሆኖ እንደማይመዘገብ አስበው፣ ያ ሰዓት ከየት እንደሚተካ ቀድመው ይነጋገሩ።

ዝምታዎ እንዴት ተነቧል?

ታላቅ ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ ዓይን ሰበር ማድረግ፣ መምህር ፊት ራስን አለማወደስ ያሳደጉን ሰዎች ያስተማሩን ጨዋነት ነው። አሜሪካዊት ሱፐርቫይዘር ከክፍለ ጊዜው በኋላ "እንዴት ነበር ትያለሽ?" ስትል ግን መልሱ ራሱ እየተገመገመ ነው። "ደህና ነበር" ካሉ ችግሩን አላየችም ይባላሉ፤ "ምንም አልሠራሁም" ካሉም ራሷን መመዘን አትችልም ይባላሉ። የሚፈለገው ይህን የመሰለ ነው፦ "መጀመሪያ ላይ ትኩረቱን ይዣለሁ፤ ፍንጩን ግን ቶሎ ሰጠሁት፤ በሚቀጥለው አምስት ሰከንድ እጠብቃለሁ።" ይህን መለማመድ ከሁሉም ማሻሻያ ቀላሉ ይመስለኛል።

ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ካለ

የትኩረት ማነስ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ መንተባተብ ወይም ሌላ ምክንያት ካለ በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ማስተካከያ መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ነው፤ ለሱፐርቫይዘር በጆሮ መንገር አይበቃም። ማስተካከያው በአብዛኛው ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ውጤት አይለውጥም። ቤተሰብ እንዳይሰማ ብለው የሚያዘገዩ ብዙዎች ናቸው፤ ቢሮው ለቤተሰብ አይነግርም።

በኤፍ-1 ቪዛ ካሉ

ዕቅዱ ምረቃዎን በአንድ ሴሚስተር የሚያራዝም ከሆነ፣ አይ-20 ላይ የተጻፈውን ማብቂያ ቀን ያውጡና ይዩ። ማራዘሚያ ከዚያ ቀን በፊት መጠየቅ አለበት፤ ደንቡም በአካዴሚክ ፕሮቤሽን ወይም እገዳ የመጣን መዘግየት ለማራዘም በቂ ምክንያት አድርጎ እንደማይቀበል በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ "ፕሮቤሽን" ተጽፎ እንደሆነ፣ የማሻሻያ ዕቅድና ፕሮቤሽን በትምህርት ቤትዎ አንድ ይሁኑ ይለያዩ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ኮርስ መቀነስም ቢሆን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ቀድሞ ሳይፈቅድ አይደረግም። ዳይሬክተሯ የክሊኒክ ሰው ናቸው፤ ይህን ላያውቁት ይችላሉ።

ይግባኝ ቢሉስ?

በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሆሮዊትዝን ጉዳይ ወሰነ። ሆሮዊትዝ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በካንሳስ ሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ የተባረረችው በክሊኒክ አፈጻጸሟ ነው። ትምህርት ቤቱ ሰባት ሐኪሞች ለየብቻ እንዲገመግሟት አደረገ፦ ሁለቱ በጊዜዋ ትመረቅ፣ ሁለቱ አሁኑኑ ትውጣ፣ ሦስቱ በፕሮቤሽን ትቆይ አሉ። ፍርድ ቤቱ ድክመቷ ቀድሞ እስከተነገራትና ውሳኔው በጥንቃቄ እስከተሰጠ ድረስ እንደ ችሎት ያለ ሥርዓት አያስፈልግም አለ። ዳኞች የመምህራንን ሙያዊ ፍርድ በራሳቸው ፍርድ መተካት አይወዱም። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይበልጡን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ነው።

ስለዚህ ይግባኝ የሚያዋጣው ሥርዓቱ ሲጣስ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሲቀር፣ መመሪያው የሚያዘው ግምገማ ሲዘለል፣ የ25 በመቶው ክትትል ሳይደረግ ሲቀር። ፕሮግራሞችን ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤት የሚቸገሩ ተማሪዎችን የመለየትና የማገዝ አሠራር በጽሑፍ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ የአንድን ተማሪ ውጤት ግን አይለውጥም። በ1974 በወጣው የትምህርት መዛግብት ሕግ መሠረት ፋይልዎን ለማየት ከጠየቁ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩዎ ይገባል። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ አባቶቻችን፤ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ የተባለውን በአጭሩ ጽፈው ለዳይሬክተሯ በኢሜይል ይላኩ።

ፊርማውና መውጫው

ወረቀቱን ለማንበብ አንድ ሁለት ቀን ይጠይቁ። ካልተስማሙበት ከፊርማዎ አጠገብ "መቀበሌን እንጂ መስማማቴን አያመለክትም" ብለው መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

መውጣት ከመረጡ፣ ውጤት ሳይመዘገብ ኮርስ የሚጣልበትን የመጨረሻ ቀን፣ የብድርዎን ሁኔታና ሌላ ፕሮግራም ሰዓትዎን ይቀበል እንደሆነ ያጣሩ። አሻ ከ2020 ጀምሮ ለንግግር ሕክምና ረዳቶችም ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ የክፍያው ልክ ቢለይም ሥራው ከታካሚ አያርቅም። ሰዓትዎ የተመዘገበበት ሲስተም ከመዘጋቱ በፊት ግን ሱፐርቫይዘሮች የፈረሙበትን መዝገብ በሙሉ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያውርዱት።